የደሴ ኢሉስትሬተር «ፕሮሰስ» ሲጀምር ምን ይጠየቃል?

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እጃቸው የተባረከ ልጆች ሞልተዋል። ቀን ማስታወቂያ ቤት ባነር ይሠራሉ። ለሠርግ ካርድ ይስላሉ። ለረድኤት ድርጅት የእጅ መታጠብ ፖስተር ያዘጋጃሉ። ማታ ደግሞ ታብሌታቸውን ከፍተው ለሕፃናት መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራሉ። ከእነዚህ ልጆች አፍ አሁን አሁን የማይጠፋ ጥያቄ አለ፤ በዚህ ሙያ፣ ማለትም በኢሉስትሬተርነት (ለመጽሐፍና ለፖስተር ሥዕል በመሥራት)፣ አውስትራሊያ ወይም ካናዳ መግባት ይቻላል ወይ?

ሙያው በሁለቱም አገሮች የሙያ ዝርዝር ላይ አለ። ስለዚህ «አይቻልም» የሚል ሰው ተሳስቷል። «ጎበዝ ሠዓሊ ከሆንክ ትገባለህ» የሚለው ደግሞ የባሰ ተሳስቷል። እዚያ ያለው ሰው ከሥዕሉ በፊት የሚያየው ዲግሪውን፣ የተከፈለውን ብርና ያንን የሚመሰክረውን ደብዳቤ ነው። ደሴ ላይ የሚጎድለው ደግሞ ችሎታ ሳይሆን ይሄ ወረቀት ነው።

ከአውስትራሊያ እንጀምር። አገሪቱ ኢሉስትሬተርን በሙያ ዝርዝሯ ላይ የራሱን ቁጥር ሰጥታዋለች፤ 232412። ጎረቤቶቹ ግራፊክ ዲዛይነር 232411፣ መልቲሚዲያ ዲዛይነር 232413 እና ዌብ ዲዛይነር 232414 ናቸው። ሸራ ወጥሮ የሚስለው ሠዓሊ ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ነው፤ የእሱ ቁጥር 211411 ነው።

ቁጥር መምረጥ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ባነር ሲያቀናብር፣ ፎንት ሲመርጥ፣ ፋይል ለህትመት ሲያዘጋጅ የሚውል ልጅ ራሱን ሠዓሊ ብሎ ሊጠራ ይችላል። የአመልካቹን ሙያ በሚመዝነው ድርጅት ዓይን ግን ግራፊክ ዲዛይነር ነው። ኢሉስትሬተር የሚባለው ዋናው ሥራው ሥዕልና ሥዕላዊ መግለጫ ሆኖ፣ በእሱ መልእክት የሚያስተላልፍ ሰው ነው። የመጽሐፍ ሥዕል፣ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕላዊ መግለጫ፣ ስቶሪቦርድ የመሳሰለው። ደሴ ላይ አንድ ሰው ሁሉንም ስለሚሠራ መቀላቀሉ አይገርምም። ማመልከቻው ግን የትኛው ሥራ እንደሚበዛ አንዱን መርጦ መናገር አለበት።

የሚመዝነው ድርጅት ቬትአሰስ ይባላል። ከአመልካቹ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከአውስትራሊያ የመጀመሪያ ዲግሪ ጋር የሚስተካከል፣ ከሙያው ጋር የሚዛመድ ትምህርት። ሁለተኛው በሙያው የተሠራ፣ ክፍያ ያለው ሥራ። ሥራው በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት መሆን አለበት፤ የሚታየውም ያለፉት 5 ዓመታት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሙያ ዝርዝሩን ራሱን ያነበበ ሰው «ቢያንስ 5 ዓመት ልምድ ዲግሪን ሊተካ ይችላል» የሚል ሐሳብ ያገኛል። ዝርዝሩ በእርግጥም እንደዚያ ይላል። ቬትአሰስ ለእንዲህ ያለ ሙያ ሲመዝን ግን ልምድ በዲግሪ ቦታ አይገባም። 10 ዓመት የሳለ፣ ዲግሪ የሌለው ሰው የምዘናውን ክፍያ ከፍሎ አሉታዊ መልስ ይዞ ይመለሳል። ገንዘቡ ደግሞ አይመለስም።

ታዲያ ዲግሪው ከየት ይመጣል? የሥነ ጥበብ ዲግሪ ሲባል በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የቦታው ርቀት ብቻ ቢሆን ግን ምንም አልነበረም። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚማረው የተመደበበትን ነው። ደሴ ላይ ከማውቃቸው ጎበዝ እጆች መሀል የአካውንቲንግ ምሩቅ አለ፣ የሲቪል ምህንድስና ምሩቅ አለ፣ ነርስ አለ። ሥዕሉን የተማሩት ከዩቲዩብና ከራሳቸው ነው። ለአውስትራሊያው ምዘና ይሄ ከባድ እንቅፋት ነው። ከወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ በደረጃ 4 የወጣ ልጅም እጁ የቱንም ያህል ቢፈታ፣ በዲግሪ ሚዛን ላይ አይደርስም። ይሄን ቀድሞ ማወቅ ብዙ ብር ያድናል።

ምዘናውን ያለፈ ሰው ወደ ነጥብ ቆጠራው ይሄዳል። ዝቅተኛው 65 ነው። ከ25 እስከ 32 ዓመት ላለ ሰው 30 ነጥብ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ዲግሪ 15። በእንግሊዝኛ ፈተናው በአይኤልትስ በአራቱም ዘርፍ 7 ላመጣ 10፣ 8 ላመጣ 20። ላላገባ ሰው 10። ውጭ አገር ለተሠራ 3 ዓመት ሥራ 5 ነጥብ፣ ለ5 ዓመት 10፣ ለ8 ዓመት 15 አለው።

ልምድ ላይ ግን አንድ የሚያናድድ ሕግ አለ። ለምዘናው ማለፊያ የዋለው ዓመት ለነጥብ አይቆጠርም። ቬትአሰስ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ባለሙያ ነህ» የሚል ቀን ይሰጣል። ነጥብ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ወዲህ ላለው ሥራ ነው። 3 ዓመት የሠራ ሰው አንዱ ዓመት ለማለፊያ ተወስዶበት በእጁ የሚቀረው 2 ዓመት ይሆናል። 2 ዓመት ደግሞ ዜሮ ነጥብ ነው።

ቪዛውም የተወሰነ ነው። ያለማንም ድጋፍ በነጥብ ብቻ የሚሰጠው 189 ለኢሉስትሬተር አልተከፈተም። ሙያው ያለው በአጭር ጊዜ ዝርዝሩ ላይ ስለሆነ የሚሄደው በክፍለ ግዛት ጥቆማ ነው፤ በ190 ወይም በ491። 190 ቋሚ ነው፤ ጥቆማው 5 ነጥብ ይጨምራል። 491 ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ለመኖር የሚሰጥ ጊዜያዊ ቪዛ ነው፤ 15 ነጥብ ይጨምራል። ጥቆማውን የሚሰጠው ክፍለ ግዛት ግን ነጥብ ስለሞላ ብቻ አይጠራም። የራሱ ፍላጎት፣ የራሱ ኮታ አለው። ነርስና መካኒክ ከፊት በተሰለፉበት ወረፋ ሠዓሊ የት ጋ እንደሚቆም ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ። እኔ ከሁሉም በላይ የማተኩረው እሱ ላይ ነው።

የእኛ አገር የሥራ ልምድ ማስረጃ መልኩ ይታወቃል። «ለሚመለከተው ሁሉ፤ አቶ እገሌ በድርጅታችን ውስጥ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በግራፊክስ ባለሙያነት፣ በወር ብር ይህን ያህል እየተከፈላቸው ሲሠሩ ቆይተው በገዛ ፈቃዳቸው የለቀቁ መሆኑን እየገለጽን፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ሲከፈልላቸው የነበረ መሆኑን እናረጋግጣለን።» ማኅተም፣ ፊርማ፣ አለቀ። አገር ውስጥ ለመቀጠር ይሄ በቂ ነው። ለመዛኙ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ምን ሠራ? በሳምንት ስንት ሰዓት? ሙሉ ጊዜ ነው ወይስ ግማሽ? የጻፈው ሰው ማን ነው፣ ስልኩ የት አለ? ከእነዚህ አንዱም የለበትም።

የሚፈለገው ደብዳቤ ሥራውን ይዘረዝራል። ለምሳሌ፦ «ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት አጋዥ መጻሕፍት የገጽ ሥዕሎችን ከረቂቅ እስከ መጨረሻው መሥራት፤ ከጸሐፊውና ከአርታኢው ጋር ተመካክሮ ገጸ ባሕርያትን መንደፍ፤ ለጤና ትምህርት ፖስተሮች ሥዕላዊ መግለጫ ማዘጋጀት፤ በሳምንት 40 ሰዓት።» ሥራው ይሄ ካልነበረ ግን እንዲህ ብሎ ማስጻፍ ውሸት ነው። የሐሰት ማስረጃ አውስትራሊያ ላይ ለዓመታት ቪዛ ያስከለክላል፤ ካናዳ ላይ ቅጣቱ 5 ዓመት ነው።

በልማዳዊው ደብዳቤ ውስጥ ግን አንድ ወርቅ መስመር አለች፤ የጡረታዋ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። መዋጮው በትክክል ገብቶ ከሆነ ክፍያው ከደብዳቤው ውጭ በሌላ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይም አለ ማለት ነው። መዛኙ የሚፈልገውም ይሄንኑ ነው፤ ደብዳቤውን የሚደግፍ ሦስተኛ ወገን። ችግሩ ስንቱ የደሴ ማስታወቂያ ቤት ጡረታ ይከፍላል የሚለው ነው። ደመወዝ በእጅ በእጅ ይሰጣል፣ ልጁም ደስ ይለዋል፣ ማንም አይጠይቅም። ከ4 ዓመት በኋላ ፕሮሰስ ሲጀመር ያ ሥራ እንዳልተሠራ ይሆናል።

በግሉ የሚሠራው ደግሞ ይብስበታል። ደንበኛው በቴሌብር ይልካል፤ ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ተቀብሎ በሰው እጅ ይልካል። ደረሰኝ የለም፣ ውል የለም፣ ንግድ ፈቃድ የለም። የሥዕሉ ፋይል ብቻ ነው ያለው። የራስ ሥራ በሁለቱም አገሮች ተቀባይነት አለው። ግን ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥር፣ የግብር ክሊራንስ፣ ለደንበኛ የተቆረጠ ደረሰኝ፣ የባንክ ስቴትመንትና ከደንበኞች የተጻፈ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ግብር መክፈል የማያስደስት ነገር ነው፣ እኔንም አያስደስተኝም። ለዚህ ጉዳይ ግን በመንግሥት ማኅተም የተመታ የሥራ ልምድ ማስረጃ ማለት ነው።

የእኛ አካባቢ ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም አልቀረለትም። ያኔ ኮምፒውተሩ የተወሰደበት ማስታወቂያ ቤት የድሮ ደረሰኙንም፣ የሥራ ፋይሉንም አብሮ አጥቷል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘጋ። በኢንተርኔት ለውጭ ደንበኛ ይሠራ የነበረ ልጅ ያ ጊዜ የሥራ ክፍተት ሆኖ ይታይበታል። ክፍተቱን በሐቅ መግለጽ ይሻላል። የሁለቱ ዓመታት ነገር በዓለም ዜና የተዘገበ ስለሆነ ለማስረዳት አይከብድም። የጠፋው ማስረጃ ግን በማስረዳት አይተካም። የቀድሞ አሠሪው በሕይወት ካለ፣ ስልኩ ከሠራ፣ ዛሬ ነው ሄዶ ማስጻፍ።

መቼም ወሎ ለመጽሐፍ ሥዕል እንግዳ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ባለሥዕል ወንጌል ያለው ገዳም ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1280/81 መሆኑ የሚታወቀው መጽሐፉ ላይ ስለተጻፈ ነው። ማን ሰጠው፣ መቼ ሰጠው የሚለው ተመዝግቧል። የዛሬውን ፖስተር ግልብጥ አድርጋችሁ ብታዩት የማተሚያ ቤቱ ስልክ እንጂ የሠዓሊው ስም የለም። የሕፃናት መጽሐፍ ውስጥም «ሥዕል፦ እገሌ» የምትለው መስመር ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። ያቺ መስመር ማስረጃ ናት። ሥራ ሲቀበሉ ስማቸው እንዲጻፍ መደራደር ለሠዓሊዎች ምንም ወጪ የለውም።

ካናዳ ጋ ስንመጣ ጨዋታው ይለወጣል። ግራፊክ ዲዛይነርና ኢሉስትሬተር አንድ ላይ 52120 በሚባል ቁጥር ሥር ተቀምጠዋል። ስለዚህ የአውስትራሊያው የምርጫ ጭንቀት እዚህ የለም። ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው። ካናዳ ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድራ በምትጠራበት በኤክስፕረስ ኢንትሪ ሥር ባለው የፌዴራል ባለሙያ ፕሮግራም ዲግሪው በምን ትምህርት እንደሆነ አይጠየቅም። ዲግሪ መሆኑና ከካናዳ ደረጃ ጋር መስተካከሉ ብቻ በዌስ ዓይነት ድርጅት ይረጋገጣል። የአካውንቲንጉ ምሩቅ ሥራው ሥዕል እስከሆነ ድረስ ችግር የለበትም። ለደሴው ልጅ ይሄ ትልቅ በር ነው።

በሩ ግን ደረጃ አለው። ምሳሌ እንውሰድ። ዕድሜዋ 29፣ ያላገባች፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት፣ 3 ዓመት ሙሉ ጊዜ የሠራች ልጅ ናት እንበል። ለመግባት ከ100 ነጥብ 67 ያስፈልጋታል። ዕድሜዋ 12 ይሰጣታል፣ ዲግሪዋ 21፣ ልምዷ 11። ድምሩ 44 ነው። የቀረው 23 ከቋንቋ መምጣት አለበት። በካናዳ የቋንቋ ደረጃ 8 ብታመጣ 20 ታገኛለች፤ ድምሯ 64 ሆኖ ትወድቃለች። ደረጃ 9 ስታመጣ ነው 24 አግኝታ 68 የሚሞላላት። ደረጃ 9 ማለት በአይኤልትስ ማዳመጥ 8፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው 7 ነው። ሥዕሏ የትም ቦታ አልተነሳም። ያሳለፋት አይኤልትሱ ነው።

ይሄ እንግዲህ ሰልፍ ውስጥ ለመግባት ብቻ ነው። ከገባች በኋላ ከሌሎቹ ጋር የምትወዳደርበት ሌላ ነጥብ አለ። ለዚያችው ልጅ ሲሰላ፦ ለዕድሜ 110፣ ለዲግሪ 120፣ ለእንግሊዝኛ 124፣ ዲግሪውና ልምዱ ከቋንቋው ጋር ተጣምረው 75። ድምሩ 429። ባለፉት ዓመታት ከልዩ ምድብ ውጭ የወጡ ጥሪዎች ከ500 በላይ ሲጠይቁ ቆይተዋል። ካናዳ በምድብ ለይታ የምትጠራው ደግሞ ጤናን፣ የእጅ ሙያን፣ ትምህርትን የመሳሰሉትን ነው። ሥዕል ምድብ የለውም።

429ን ከፍ የሚያደርገው ምንድን ነው? ከክፍለ ግዛት ጥቆማ ከተገኘ 600 ነጥብ ይጨመርና ነገሩ ያልቃል። ግን እሱም እንደ አውስትራሊያው በጥሪ ነው። በራስ ጥረት የሚገኘው ፈረንሳይኛ ነው። ያቺው ልጅ በፈረንሳይኛ ደረጃ 7 ብትደርስ ነጥቧ ወደ 491 ይወጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በተለየው ምድብ ትገባለች። የዚያ ምድብ መቁረጫ ብዙ ጊዜ ከ500 በታች ነው። በቀልድ አይደለም የምለው፤ ካናዳን ለሚያስብ የደሴ ሠዓሊ ከአዲስ ታብሌት ይልቅ ፈረንሳይኛ ይሻለዋል። ችግሩ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ያለው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ደሴ ላይ በኦንላይን መማር ነው የሚቀረው። ኢንተርኔቱ ከፈቀደ።

ለአርቲስቶች ተብሎ የተዘጋጀ ሌላ የካናዳ ፕሮግራም ነበር፤ በግላቸው ለሚሠሩ የባህልና የስፖርት ሰዎች። ለሠዓሊ የተሰፋ የሚመስለው እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 30 ቀን 2024 ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ እንዳይቀበል ተደርጓል። ዛሬም «በአርቲስት ፕሮግራም አስገባችኋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በዚሁ መዝኑት።

ሌላም የሚሸጥ ነገር አለ፤ የካናዳ የቅጥር ደብዳቤ። ድሮ ይሄ ደብዳቤ 50 ወይም 200 ነጥብ ስለሚያመጣ ገበያው ደርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 25 ቀን 2025 ጀምሮ ግን በውድድሩ ደረጃ ላይ የሚሰጠው ነጥብ ተነስቷል። ደላላው ግን ዋጋውን አልቀነሰም ይባላል።

ጀርመንን በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 የጀመረው የዕድል ካርድ የሥራ ፈላጊ ፈቃድ ነው። የታወቀ ዲግሪ ወይም ሙያ፣ 6 ነጥብ፣ ከቋንቋም ጀርመንኛ ኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) ወይም እንግሊዝኛ ቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ ደረጃ) ይጠይቃል። እዚያ ደርሶ ሥራ ማግኘት የራስ ፋንታ ነው። ለኑሮ የሚሆን ገንዘብም በወር ከ1,000 ዩሮ በላይ ሆኖ ቀድሞ መታየት አለበት።

ገንዘብ ካነሳን፦ የካናዳው ፕሮግራም ለአንድ ሰው ከ15 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ በሒሳብ ላይ ማሳየት ይፈልጋል። ይሄ ክፍያ አይደለም፤ ሰውየው ሲገባ የሚኖርበት ነው። የአውስትራሊያው 190 የማመልከቻ ክፍያ ብቻውን ወደ 5 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ይጠጋል። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ እነዚህ ቁጥሮች ወደ ብር ሲመነዘሩ ሰው ያስደነግጣሉ። ስለዚህ ወጪው በቅደም ተከተል ቢሆን ይሻላል። ምንም ብር ሳይወጣ የነጥብ ስሌቱን በየአገሩ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ መሥራት ይቻላል። ነጥቡ ካልደረሰ የዲግሪ ማረጋገጫውም፣ ምዘናውም መቆየት ይችላል።

በወኪል መሄድ ለሚፈልግ ሁለቱም አገሮች የተመዘገቡ ወኪሎችን ስም በይፋ ያወጣሉ። የአውስትራሊያው መዝገብ ኦማራ በሚባለው መሥሪያ ቤት ሥር ነው፤ የካናዳው በስደትና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ ሥር። ስሙን ወይም የምዝገባ ቁጥሩን አስገብቶ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ፒያሳ ላይ ቢሮ መክፈትና ግድግዳ ላይ የሜፕል ቅጠል መለጠፍ ምዝገባ አይደለም።

የእንግሊዝኛ ፈተናውን ጊዜ መምረጥም ያስፈልጋል። ውጤቱ ለካናዳ የሚያገለግለው 2 ዓመት፣ ለአውስትራሊያ 3 ዓመት ነው። የሥራ ማስረጃው ገና ሳይሟላ ተቻኩሎ የተፈተነ ሰው ደብዳቤው ሲደርስለት ፈተናው ያልፍበታል። ለፈተናውም አዲስ አበባ ድረስ መውረድ አለ፤ የአውቶቡሱ ወይም ከኮምቦልቻ የሚነሳው አውሮፕላን ትኬት፣ ማደሪያው፣ የፈተናው ክፍያ። ጡረታው የሚከፈልበት፣ ሥራው በደንብ የተዘረዘረበት አንድ ሙሉ ዓመት በእጅ ሳይገባ ይሄን ወጪ ማውጣት አይመከርም።